ከአውቶቡሱ መውረድ ክልክል ነው፦ የላንዛሮቴ የእሳተ ገሞራ ጉብኝት በሹፌር ዓይን

ቲማንፋያ የሚባለውን የላንዛሮቴ ብሔራዊ ፓርክ አይተው የተመለሱ ሰዎች የጻፉትን ሳነብ አንድ ቅሬታ ሲመላለስ አየሁ። «አውቶቡስ ውስጥ ዘግተውብን አዞሩን፤ አንድ ቦታ እንኳ አላወረዱንም» ይላሉ። እኔ ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል የምሰጠው በዋናነት ስላላወረዱኝ ነው። የምተዳደረው አውቶቡስ በመንዳት ነው። ተሳፋሪ ሲከለከል ምን እንደሚል፣ በሩ ሲከፈትለት ደግሞ ምን እንደሚያደርግ በየቀኑ የማየው ነገር ስለሆነ ይህን የምጽፈው ግማሹን እንደ ጎብኚ፣ ግማሹን እንደ ሹፌር ነው።

አብራኝ የሄደችው ታላቅ እህቴ ናት። ሳይንስ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ አፏ ግን ምንም የማይሳነው ሰው ናት። ከታች «እትዬ» ስል እሷን ማለቴ ነው።

ቦታውን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ላንዛሮቴ ከስፔን የካናሪ ደሴቶች አንዷ ስትሆን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ፣ ከአፍሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ፊት ለፊት ትገኛለች። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1730 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከምሽቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ መሬቱ ተሰንጥቆ እሳት መትፋት ጀመረ፤ እስከ ኤፕሪል 1736 ድረስም በየቦታው እየፈነዳ ቀጠለ። የያይሳ መንደር ቄስ የነበሩት አንድሬስ ሎሬንሶ ኩርቤሎ ያዩትን ይመዘግቡ ስለነበር ነው ሰዓቱ ሳይቀር የሚታወቀው። የደሴቷ አንድ አራተኛ ገደማ በላቫ (ቀልጦ በሚፈስ ድንጋይ) እና በአመድ ተሸፈነ፤ መንደሮች ከነማሳቸው ተቀበሩ፤ ብዙ ሰውም ወደ ሌሎቹ ደሴቶች ተሰደደ። በ1824 እንደገና ፈነዳ፤ ከዚያ ወዲህ ጸጥ ብሏል። በ1974 ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከለለ፤ ስፋቱ 51 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በ2015 ደግሞ ላንዛሮቴ ከሰሜኗ ካሉት ትንንሽ የቺኒኾ ደሴቶች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ጂኦፓርኮች (በድንጋይና በመሬት አፈጣጠራቸው የሚታወቁ ጥብቅ ቦታዎች) መዝገብ ገባች።

ለግምገማዬ የሚያስፈልገው ዋናው ነገር ግን ዝናቡ ነው። በዓመት የሚዘንበው 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዝናብ ከሌለ የሚያጥበው፣ የሚሸረሽረው፣ በሣር የሚያለብሰው የለም። ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ላቫ ትናንት የቀዘቀዘ የሚመስለው ለዚህ ነው። ያ ማለት ደግሞ ዛሬ የረገጥኩት ቦታ የልጅ ልጄ ሲመጣም እንደተረገጠ ይጠብቀዋል።

መጀመሪያ የገዛነው የአንድ አስጎብኚ ድርጅት የሙሉ ቀን ጉዞ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ የእሱን ዓይነት በየቱሪስት ከተማው ሞልቷል። ጠዋት ከሆቴል ይወስዱሃል፣ በየቦታው አሥር ደቂቃ ያቆሙሃል፣ ከአሥሩ ደቂቃ ሰባቱ ዕቃ መሸጫ ሱቅ በር ላይ ያልቃል። ይህንስ ለምደነዋል። የማይለመደው፣ መንገድ ዳር አቁሞ «ፎቶ ለመነሣት አምስት ደቂቃ» ብሎ በሩን ሲከፍት የሆነው ነው። ሰዉ ሁሉ ከአስፋልቱ ወርዶ ላቫው ላይ ተንጠላጠለ። ከእግራቸው ሥር የሚሰማው ድምፅ ሸክላ ሲሰበር የሚሰማው ነበር። አንዲት ወጣት ጥቁር ድንጋይ አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አስጎብኚው አይቶ «ትንሽ ናት፣ ማንም አያውቅም» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ምድር ድንጋይ ማንሣት ክልክል እንደሆነ ግን እሱም አያጣውም። እትዬ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ በመስኮት «አንቺ ልጅ፣ አስቀምጪው!» አለቻት በአማርኛ። ልጅቷ ቋንቋውን ባታውቀውም የአስተማሪ ድምፅ በየትኛውም ቋንቋ ይገባል መሰለኝ፣ መልሳ አስቀመጠችው።

በማግስቱ መኪና ተከራይተን በራሳችን ሄድን።

ፓርኩ ውስጥ የራስህን መኪና ይዘህ የምትገባው ኢስሎቴ ዴ ኢላሪዮ እስከሚባለው ኮረብታ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን 14 ኪሎ ሜትር በፓርኩ አውቶቡስ ነው የምትዞረው፤ ሒሳቡ በመግቢያ ትኬቱ ተካትቷል። ዙሩ 40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነዳበት፣ አንድ አውቶቡስ በጭንቅ የሚያሳልፍ፣ አጥር የሌለው ጠባብ መንገድ ነው። ከሹፌሩ ጀርባ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ከመልክዓ ምድሩ ይልቅ እጁን ሳይ ነበር የቆየሁት፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ነው። ላቫው ተቆርጦ መንገዱ በመካከሉ የሚያልፍበት ቦታ አለ። በጎን መስታወቱና በግድግዳው መካከል መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት አይቀርም ብል አላጋነንኩም። ሰውየው እዚያ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱን ቀደም ብሎ ጥሎት ነበር፤ ፍሬን አልነካም። ቁልቁለቱንም በሞተሩ ኃይል እየያዘ ነው የወረደው። ጫፉ ገደል የሆነ ኩርባ ላይ ሲደርስ የአውቶቡሱ አፍንጫ አየር ላይ ይወጣል፤ ከኋላ የተቀመጡት ሲጮኹ እሱ መሪውን በዝግታ ሙሉ በሙሉ ይጠመዝዛል። ልምዱ ያለው ሰው ይህን ሲያይ ኮፍያውን ያነሣል።

መንገዱን ያወጡት ሰዎችም ሊመሰገኑ ይገባል። የደሴቷ ልጅ የነበረው ሠዓሊ ሴሳር ማንሪኬና አብሮት ይሠራ የነበረው ኸሱስ ሶቶ ናቸው ስማቸው የሚነሣው። ከአንዱ ኮረብታ ሆኜ ያለፍንበትን መንገድ ፈልጌ አጣሁት። ምልክት የለ፣ ኤሌክትሪክ ምሰሶ የለ፣ ነጭ መስመር የለ። አስፋልቱ በላቫው እጥፋት ውስጥ ለውስጥ ስለሚሄድ ከሩቅ የሚታየው ቀይ፣ ጥቁርና የዝገት ቀለም ያለው ኮረብታ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታው ልመለስ፤ ለምን አያወርዱም? ሒሳቡን በሹፌር አእምሮ ሥሩት። አንድ አውቶቡስ ሃምሳ ሰው ያወርዳል፤ መቶ እግር ነው። ከኋላው ሌላ ይመጣል፤ ሌላ መቶ እግር። የላቫው ቆዳ ደግሞ ባዶ አየር ላይ የተዘረጋ ስስ ቅርፊት የሆነበት ቦታ ብዙ ነው፤ ሥሩ የፈሰሰው ሲያልቅ ላዩ ብቻውን ቀርቷል። የአመዱ ቁልቁለትም አንዴ ዱካ ከተጣለበት በኋላ ውኃ ሲመጣ በዚያው ዱካ ነው የሚሰነጠቀው። አንድ ክረምት እየዘነበ የሚያርመው መሬት አይደለም። ስለዚህ በሩን መዝጋት ጎብኚን መናቅ ነው የሚሉትን አልቀበልም። ትኬት ከፍለን የገዛነው ያልተረገጠ መሬት ማየትን ነው፤ በሩ ቢከፈት ዕቃው ራሱ ይጠፋል።

ሌላም ነገር አለ፣ ማንም ሲያነሣው ያላየሁት። እትዬ ጉልበቷ ስለማይፈቅድላት በእግር የሚኬድበት ቦታ ሁሉ ለእሷ ዝግ ነው። እዚህ ግን ሯጩም እሷም እኩል አዩ።

ግማሽ ኮከብ የቀነስኩት ለድምፁ ነው። በየመቆሚያው የተቀዳ ገለጻ ይለቀቃል፤ በስፓኒሽ፣ በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ ሦስት ጊዜ ይነገርና በመካከሉ ሙዚቃ ይገባል። የሚነበበው የቄሱ መዝገብ መልካም ነው፤ ሙዚቃው ግን ለእኔ ጆሮ በዛ። ምርጫው የእኔ ቢሆን አንዱን መቆሚያ ሞተሩን አጥፍቼ ሁለት ደቂቃ ዝም አስብላቸው ነበር።

ኮረብታው ላይ ሠራተኞቹ የሚያሳዩት ትርኢት ልጆችን ያስደስታል፤ እኔንም አልዋሽም አስደስቶኛል። አንዱ በአካፋ ትንሽ ቆፍሮ ጠጠር እጃችሁ ላይ ያስቀምጣል፤ ያቃጥላል፣ ከእጅ እጅ እየቀያየርክ ነው የምትይዘው። ጉድጓድ ውስጥ ደረቅ ቁጥቋጦ ሲከቱበት ጥቂት ይጨስና ቦግ ይላል፤ ክብሪት የለም። ወደ መሬት በገባ የብረት ቱቦ አንድ ባልዲ ውኃ ሲያፈሱ ደግሞ ውኃው እንፋሎት ሆኖ እየጮኸ ይተኮሳል። 13 ሜትር ወደ ታች ሙቀቱ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል፤ ከእግራችን ሥር የሚፈስ ላቫ ስላለ ግን አይደለም፣ ከጥልቅ የቀረው ሙቀት በስንጥቆቹ በኩል ስለሚወጣ ነው። ኤል ዲያብሎ የሚባለው ክብ ምግብ ቤት በ1970 የተሠራው እዚያው ላይ ሲሆን ሥጋ የሚጠበሰው ከመሬት በሚወጣው ሙቀት፣ ሰፊ ጉድጓድ አፍ ላይ በተጋደመ ፍርግርግ ነው። ዶሮ በላን። ዶሮ ዶሮ ነው፣ ጣዕሙ ላይ እሳተ ገሞራ አይታወቅም፤ ዙሪያውን በመስታወት የሚታየው ግን ሒሳቡን ያስረሳል። ጎብኚ የሚጋልባቸውን ግመሎች ግን አለፍናቸው።

በእግር የሚኬደውን ጉብኝት ብቻዬን ነው የሄድኩት። ትሬሜሳና ይባላል፤ የፓርኩ ባልደረባ ራሱ ይመራዋል፣ ክፍያ የለውም፣ ቀደም ብሎ በኢንተርኔት መመዝገብ ግን ግድ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚወስዱት ጥቂት ሰው ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል። «አውቶቡሱ ዘጋብን» የሚሉ ሰዎች ይህ መኖሩን ቢያውቁ ግማሹ ቅሬታ ይጠፋ ነበር። በአንድ ረድፍ ትሄዳለህ፣ ከመንገዷ ስንዝር አትወጣም። የመራችን ሴት ከፊታችን ቆማ አንድ ደንብ ብቻ ተናገረች፦ እኔ የረገጥኩበትን ርገጡ።

ከዚያ ድንጋዩ አጠገብ አንበረከከችን። ከአውቶቡስ ሲታይ ጥቁር ብቻ የሚመስለው ላቫ ቀርበህ ስታየው ግራጫና ነጣ ያለ ነጠብጣብ የወረሰው ነው። ሊከን ነው፣ የድንጋይ ሽበት የምንለው። አፈር በሌለበት መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ነው። ድንጋዩን ቀስ እያለ ይበላዋል፣ ጤዛ ይይዛል፣ አቧራ ያከማቻል፣ ዘር የሚያድርበት እሱ ካዘጋጀው በኋላ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ እርጥበት ከባሕሩ ይዞ ስለሚመጣ፣ ያንኑ ጎኑን የሰጠው ድንጋይ ሽበቱ ወፍራም ነው፤ ጀርባው ግን ጥቁር እንደሆነ ነው። አንዱ ድንጋይ ላይ ሁለቱን ጎን በእጄ ሳልነካ ዞሬ አየሁ። ሴትዮዋ ወደ አንድ ቦታ ጠቆመች፤ ሽበቱ የሌለበት፣ የጫማ ቅርጽ ያለው ጥቁር ነገር ነበር። የማን ጫማ እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ አልተናገረችም። ሁላችንም የራሳችንን ጫማ ተመለከትን።

የጠፈር ተመራማሪዎችም ላንዛሮቴ ይመጣሉ። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ጠፈርተኞቹን ስለ ድንጋይ የሚያስተምርበት ፓንጌያ የሚባል ሥልጠና አለው፤ ከሚካሄድባቸው ቦታዎች አንዱ ይህች ደሴት ናት። ጨረቃና ማርስ ላይ ምን ዓይነት ድንጋይ ማንሣት እንዳለባቸው የሚለማመዱት እንዲህ ዓይነት ምድር ላይ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ድንጋይ የከተተችው ልጅ ትዝ አለችኝ።

ሰሜን ጫፍ ላይ ላ ኮሮና የሚባል ሌላ እሳተ ገሞራ አለ፤ ከቲማንፋያ በብዙ ሺህ ዓመት ይቀድማል። ከእሱ የወጣው ላቫ ላዩ ቀዝቅዞ ውስጡ እየፈሰሰ ወጥቶ ያለቀበት ዋሻ ከእሳተ ገሞራው እስከ ባሕሩ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ከባሕሩ ሥርም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይቀጥላል። ከዚህ ሁሉ ለጎብኚ የተከፈተው 1 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ኩዌቫ ደ ሎስ ቬርዴስ ይሉታል። በ1964 ሲከፈት መብራቱን የዘረጋው ያው ሶቶ ነው። አምፖሎቹ በሙሉ ከድንጋይ ጀርባ ስለተደበቁ ብርሃኑ ከግድግዳው ራሱ የሚወጣ ይመስላል። ድሮ የባሕር ወንበዴዎች ሲመጡ የደሴቷ ሰዎች የሚሸሸጉት እዚህ ነበር። መጨረሻው ላይ አስጎብኚው ለማንም እንዳትናገሩ ብሎ የሚያስምለው ነገር አለ። ምያለሁ፣ አልናገርም።

የዚያው ዋሻ ጣራ ባሕሩ አጠገብ ተደርምሶ የከፈተው ቦታ ኻሜዎስ ደል አግዋ ነው። ማንሪኬ የአትክልት ቦታና የሙዚቃ አዳራሽ አድርጎ ሠርቶታል፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሰማያዊውን መዋኛ ነው። እኔ ልብ በሉት የምለው ግን ዋሻው ውስጥ ያለውን ጥቁር ሐይቅ ነው። ውኃው ከባሕሩ በድንጋዩ በኩል እየሰረገ የሚገባ ጨዋማ ውኃ ነው። ወለሉ ላይ የጥፍር ስፋት ያላቸው ነጫጭ ነገሮች ተበትነዋል፤ የተረጨ ሩዝ ይመስላሉ ብዬ ሳልጨርስ አንዱ ተንቀሳቀሰ። አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞሉ ወይም ጥቂት የሚያልፉ ዓይነ ስውር ሸርጣኖች ናቸው፤ ጨለማ ውስጥ ስለኖሩ ቀለምም ዓይንም አላስፈለጋቸውም። ሳንቲም መጣል ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ አለ። ምኞት ብለው ሳንቲም የሚጥሉ ሰዎች የማያውቁት፣ ብረቱ ጨዋማ ውኃ ውስጥ ሲዝግ ውኃውን እንደሚመርዝባቸው ነው። አጠገቤ የቆመ አባት ልጁ ሳንቲም ስትጠይቀው ማስታወቂያውን አነበበና ኪሱን ዘጋ፤ ልጅቷ አለቀሰች። ለዚያ አባት አምስት ኮከብ።

ማታ ሆቴል በረንዳ ላይ ከእትዬ ጋር የተከራከርነው ስለዚሁ ነው። «እንዲያ ከሆነ ጭራሽ አይከፈት!» አልኳት። በ1963 ከአይስላንድ ደቡብ ከባሕር ውስጥ የወጣችውን ሱርትሴይን ያነሣችልኝ እሷ ናት፤ ከተወለደች ጀምሮ ሳይንቲስት ካልሆነ ማንም እንዳይረግጣት ተጠብቃ በ2008 የዓለም ቅርስ ሆናለች።

«ታዲያ ሁሉም እንደ እሷ ይሁን» ስላት፣

«አንተ፣ ያላየ ሰው ስለ ምን ይቆረቆራል? እኔ ሠላሳ ዓመት ላቫን በጠመኔ ሣልኩ። ዛሬ ነው ያየሁት። ቢዘጋብኝ ደስ ይልህ ነበር?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። የጄጁ ደሴት ኮሪያውያን ማንጃንግ የሚባለውን ዋሻቸውን ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነው ለጎብኚ የከፈቱት 1 ኪሎ ሜትሩን ብቻ ነበር፤ ሌላዋ የካናሪ ደሴት ቴኔሪፌ ላይም ወደ ቴይዴ ተራራ ጫፍ የሚወጣው በፈቃድ ብቻ ነው። ሁሉም ጋ ክርክሩ ያው የእኔና የእትዬ ነው፤ ስንት ይከፈት የሚለው ቁጥር ነው የሚለያየው።

ለሚሄዱ ሰዎች፦ ቲማንፋያ ጠዋት በር ሲከፈት ወይም ከሰዓት በኋላ ዘግይታችሁ ድረሱ፤ እኩለ ቀን ላይ መግቢያው መንገድ ላይ የመኪና ሰልፍ ይረዝማል። በአውቶቡሱ የትኛው ጎን ይሻላል አትጨነቁ፣ መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ለሁለቱም ይደርሳቸዋል፤ ፎቶ የምታነሡ ግን ጠቆር ያለ ልብስ ልበሱ፣ ነጭ ሸሚዝ መስታወቱ ላይ ያንጸባርቃል። ትሬሜሳናን አውሮፕላን ትኬት ስትቆርጡ አብራችሁ አስመዝግቡ፤ ጫማችሁ የተዘጋ ይሁን። ጉልበት የሚያመው ሰው ዋሻው ውስጥ ደረጃና ጎንበስ ተብሎ የሚታለፍ ቦታ እንዳለ ይወቅ። እትዬ ውጪ ጥላ ሥር ቡና ይዛ ነው የጠበቀችኝ፤ መጨረሻው ላይ ያለውን ነገር ንገረኝ ብላ እስከ ዛሬ ትነዘንዘኛለች።